እትዬ እስቲ ልየውና የሹፌሩ መዝገብ

የተከበራችሁ ሐዘንተኞች፣ የሟች ባለቤትና ልጆች፣ የፋብሪካው ባልደረቦች፣ ጎረቤቶችና ወዳጆች፤ ይህን ዜና ሕይወት የማነበው እኔ ታናሽ ወንድማቸው ስሆን፣ እንዳነብ ያዘዙኝ ቤተሰቡ ሳይሆን ራሳቸው ሟች መሆናቸውን አስቀድሜ ማሳወቅ ይገባኛል። እህታችን በሰው ቀብር ላይ በተገኙ ቁጥር የሚነበበውን ጆሯቸውን አቁመው እያዳመጡ፣ ዓመቱ ከዓመቱ የማይገጥመውን፣ ደግነቱም ከሚያውቁት ሰው ጋር የማይመሳሰለውን እየለቀሙ ወደ ቤት ሲመለሱ ይነግሩን ነበር፤ «የሞተው ሁሉ ደግ፣ የሞተው ሁሉ ለጋስ፤ ታዲያ ስስታሞቹን የት ነው የሚቀብሯቸው?» የሚለው ንግግራቸውም በቤታችን ተረት ሆኖ ቀርቷል። በዚህም ምክንያት ከማረፋቸው በፊት አስጠርተውኝ «ያላጣራኸውን አታንብብ፤ ያየኸውንም ከሰማኸው ለይተህ ተናገር» ስላሉኝ፣ የማነበውን በተቻለኝ መጠን አጣርቻለሁ፤ ያላጣራሁትንም እዚያው እናገራለሁ።

እህታችን ከጭነት መኪና ሹፌር አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው የመጀመሪያ ልጅ ሆነው ተወለዱ። የትውልድ ዓመታቸውን በሚመለከት እናታችን አንድ ዓመት፣ የትምህርት ቤቱ ወረቀት ደግሞ ሌላ ዓመት ይናገሩ ስለነበር፣ እህታችንም ሁለቱንም ያምኑ ስላልነበር፣ እኔ ዓመት ከመጥራት ተቆጥቤአለሁ። ጦርነቱ ሲጀመር አባታችን በሙያቸው ለውትድርና ተጠርተው ሲሄዱ እህታችን ፊደል በመቁጠር ላይ የነበሩ ሕፃን፣ እኔ ደግሞ በእናታችን ማሕፀን ውስጥ ነበርኩ፤ ስለሆነም ስለ አባታችን የማውቀው ሁሉ ከሌላ ሰው የሰማሁት ነው።

ዓመት ያህል ቆይቶ ከጦሩ የመጣው ደብዳቤ አባታችን ቆስለዋል ወይም ሞተዋል አላለም፤ «ከግዳጁ ከድቷል» ነበር ያለው። ይህች ቃል ቤታችን ገብታ የሠራችውን ሥራ ጠላት አይሠራውም። የእናታችን ወንድሞች የአባታችንን ስም ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳያነሱ ኖሩ፤ እኛም ከፊት ለፊቱ ቤት ወደ ጓሮው ክፍል ተዛወርን፤ እናታችን የአባታችንን ፎቶግራፍ ከግድግዳው አወረዱ፣ ምስማሩን ግን ሳይነቅሉ ተዉት፤ በትምህርት ቤት ደግሞ «የከዳተኛው ልጆች» ተባልን። እናታችን ባለ ትዳር እንዳይባሉ ባል በቤት የለም፣ መበለት እንዳይባሉ ሞተ ያለ የለም፤ አንዳንዱ ጎረቤትም «እገሌ ከተማ ሌላ ሚስት አግብቶ አየነው» እያለ ሹክ ሲላቸው፣ በሩ በተንኳኳ ቁጥር ግማሹ ልባቸው በተስፋ፣ ግማሹ በንዴት እየተነሣ ኖሩ።

እህታችን በዚህ ስም ሥር ሆነው ቢማሩም በሒሳብ የሚስተካከላቸው አልነበረም። አንድ ጊዜ መምህሩ የመለሱላቸውን የፈተና ወረቀት ደግመው ደምረው ከሚገባቸው በላይ እንደተሰጣቸው ስላወቁ ራሳቸው አመልክተው ውጤታቸውን ያስቀነሱ መሆናቸውን የክፍል ጓደኞቻቸው እንደ ትልቅ ሐቀኝነት ያወራሉ፤ እኔ ግን እህቴን ስለማውቃቸው፣ መምህሩ ለምን እንደጨመሩላቸው ጠርጥረው ነው እላለሁ። ትምህርታቸውን እንደጨረሱም በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው የጥራት ቁጥጥር ክፍል ተቀጥረው፣ ከሥሩ መብራት በበራበት የመስታወት ገበታ ላይ የሚያልፈውን ጨርቅ በዓይንና በጣት እየፈተሹ፣ የተበጠሰ ድር፣ የተዘለለ ማግ፣ የዘይት ጠብታ ያለበትን ሁሉ በጠመኔ ምልክት እያደረጉ እስከ ጡረታቸው ድረስ አገልግለዋል። ሠራተኞቹ ጣቃ ተሸክመው መጥተው «ይኼኛው ንጹሕ ነው፣ አትድከሚ» ሲሏቸው የሚመልሱት መልስ ሁልጊዜ አንድ ስለነበር፣ «እትዬ እስቲ ልየው» የሚል ስም ወጣላቸውና ፋብሪካው ውስጥ ዋናውን ስማቸውን የሚያውቅ እስኪጠፋ ድረስ በዚሁ ተጠሩ።

ትዳርን በተመለከተ፣ የፋብሪካው ኤሌክትሪሺያን የሆኑት ባለቤታቸው የጋብቻ ጥያቄ ሲያቀርቡላቸው፣ እህታችን መልስ ከመስጠታቸው በፊት ስለ ሰውየው ጠባይ የድሮ ጎረቤቶቻቸውን፣ የሥራ አለቃቸውን፣ አልፎም ጠበኛቸውን ጠይቀው፣ ያንኑ ጥያቄ ደግሞ ለራሳቸው ለባለቤታቸው አቅርበው መልሱን ማመሳከራቸው የታወቀ ነው። እዚህ ተቀምጠው የሚያዳምጡኝ ባለቤታቸው «ሌላው ሰው አገባ ይባላል፤ እኔ ግን ፈተና አልፌ ነው የተቀጠርኩት» እያሉ ይቀልዱ የነበረ ሲሆን፣ ይህን ፈተና ለምን በትዕግሥት እንደተፈተኑ ስጠይቃቸው «አባቷ ጥሏት ሄደ የተባለች ሴት ብትጠረጥር ይፈረድባታል?» ብለው መልሰውልኛል። ከትዳራቸውም ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተው አሳድገዋል፤ ልጆቹም እናታቸውን መዋሸት ትርፍ እንደሌለው ገና በጊዜ የተረዱ ናቸው።

የመጀመሪያ ልጃቸው በተወለደች ዓመት እህታችን የአባታችንን የውትድርና አገልግሎት ከድሮ የጦር መዝገቦች ለመፈለግ ተነሡ። ይህን ያደረጉት አባታቸውን ነጻ ለማውጣት ነበር ብዬ ባነብ ደስ ባለኝ፤ ነገር ግን ውሸት ይሆናል። እርሳቸው ያሉት «ልጄን የከዳተኛ የልጅ ልጅ ሲሏት የምመልስላትን ማወቅ አለብኝ፤ ከድቶም ከሆነ፣ አዎ ከድቷል ብዬ እነግራታለሁ» ነበር። እናታችን ግን «ተይው ልጄ፣ የተዳፈነ እሳት አትቆስቁሺ፤ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ሲሏቸው፣ «ንጋት ራሱ ይጠራል፤ እውነት ግን የሚያጠራው ሰው ይፈልጋል» ብለው የዕረፍት ቀናቸውን በሙሉ ለመዝገብ ቤት ሰጡ።

መዝገብ ቤቱ መስኮቶቹ በፋይል መደርደሪያ የተጋረዱ፣ አቧራው ጉሮሮ የሚይዝ ረጅም ክፍል እንደነበር እኔም አብሬ ሄጄ አይቻለሁ። የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ መጀመሪያ «ነገ ይምጡ» ሲሉ፣ ቀጥሎ «ማህደሩ ተቃጥሏል» ሲሉ፣ እህታችን «የተቃጠለበትን መዝገብ ያሳዩኝ» ስላሏቸው ማህደሩ ሳይቃጠል ተገኘ። ውስጡ የነበረው አንድ ወረቀት ብቻ ሲሆን፣ የአባታችን ስም፣ ሙያቸው፣ የሚነዱት መኪና ሰሌዳ ቁጥርና በመጨረሻ «ከዳ» የሚል ቃል ከነቀኑ ሰፍሮበታል። እኔ ይህን ባየሁ ጊዜ ነገሩ አለቀ ብዬ ወደ በሩ ሄድኩ፤ እህታችን ግን የሌሎቹንም ወረቀቶች አስወጥተው ሲያገላብጡ በዚያው ቀን፣ በዚያው እጅ ጽሑፍ «ከዳ» የተባሉ ሌሎች ሰዎች አገኙ፤ ሁሉም ሹፌሮች ሆነው ተገኙ። «ሰው ሲከዳ ተደብቆ አንድ አንድ እያለ ነው እንጂ እንዴት ተሰልፎ ይከዳል?» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ነገሩ እንደ እሾህ ወጋቸው፤ መውጫው ግን ለብዙ ዓመታት አልተገኘም።

በዚህ መሐል አንድ የትራንስፖርት ክፍል ጡረተኛ ሃምሳ አለቃ እንዳሉ ሰምተው ወደሚውሉበት መጠጥ ቤት ሄደው ጠየቋቸው። ሃምሳ አለቃውም ብርጭቋቸውን እንደያዙ ከት ብለው ስቀው «የእኛን ነገር ከሰው መዝገብ ምን ትፈልጊያለሽ? እኛ ዕቃ ነበርን'ኮ! ከነክሪካችን ነበር የምንቆጠረው» አሏቸው። እህታችን በአባታቸው የተቀለደባቸው መስሏቸው፣ ከመጠጡም የተነሣ የሰውየውን አፍ ሳያምኑት፣ የቀረበላቸውን ወንበር እንኳ ሳይቀመጡበት ተናደው ወጡ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እህታችን ግን እዚህ ላይ የተመነጠሩት በመጠርጠራቸው ነው፤ ምክንያቱም ያ ሰካራም የተናገረው እያንዳንዱ ቃል እውነት ነበር። ይህ ሳይታወቅ ዓመታት አልፈው እናታችን ታመው አረፉ፤ በመጨረሻዋም ሰዓት በሩ ሲንኳኳ ቀና ብለው ያዩ እንደነበር እኔ አልጋቸው አጠገብ ሆኜ አይቻለሁ።

ነገሩ የተፈታው በፋብሪካው ውስጥ ነው። አንድ የሽመና ማሽን ወደ ቅርንጫፍ ፋብሪካው ሲዛወር የሚያውቀው መካኒክ አብሮት ተላከ፤ ላኪው ፋብሪካ ሰውየውን ጠዋት ጠዋት ስም ሲጠራ ስላላገኘው «ያለ ፈቃድ የቀረ» ብሎ የስንብት ማስታወቂያ ለጠፈበት፤ ተቀባዩ ደግሞ ማሽኑን ከነመፍቻውና ከነመካኒኩ ተረክቤአለሁ ብሎ ፈረመ እንጂ ሰውየውን በሠራተኛነት አልመዘገበውም። መካኒኩ ተመልሶ መጥቶ ማስታወቂያው ሥር ቆሞ «ሰዎች፣ እኔ ሥራ ላይ ነኝ!» እያለ ሲጮህ ሠራተኛው ሁሉ ሳቀ፤ እህታችን ግን ከገበታቸው ላይ ጣቃውን ሳይጨርሱ ተነሡ፣ ይህም በሥራ ዘመናቸው አንዴ ብቻ የሆነ መሆኑን የክፍል ኃላፊያቸው አረጋግጠውልኛል። በቀጥታ መዝገብ ቤት ሄደው የመኪና መዝገብ ሲጠይቁ ሠራተኛው «እናቴ፣ የሚፈልጉት ሰው ነው ወይስ መኪና?» ቢሏቸው፣ «አንተ መኪናውን አምጣልኝ፤ ሰውየውን እኔ አገኘዋለሁ» አሏቸው።

በአባታችን ወረቀት ላይ ስንት ዓመት ሲያዩት የነበረውና ከቁም ነገር ያልቆጠሩት የሰሌዳ ቁጥር መኪናውን አስገኘ። መኪናው «ከዳ» ከተባለበት ቀን ዋዜማ ከሌሎች መኪኖች ጋር ለሕክምና ክፍሉ «ከነክሪኩ፣ ከነስኮርታ ጎማው፣ ከነሹፌሩ» ተላልፏል። በማግሥቱ የትራንስፖርት ክፍሉ ስም ሲጠራ ሹፌሮቹ የሉም፤ የሕክምና ክፍሉ ደግሞ የተረከበው መኪና ነው እንጂ ሰው አይደለም። ጥቂት ዝቅ ብሎም «ቁስለኛ ጭኖ ሲመለስ በወንዙ መሻገሪያ ላይ ተመትቶ ተቃጥሏል፤ ከነሙሉ ዕቃው ከአገልግሎት ውጭ ሆኗል» ይላል። እኔ አስጠርተውኝ ደርሼ ይህን ሳነብ እንባዬ መጣ፤ የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛም ተነሥተው እጃችንን ጨበጡ፤ እህታችን ግን መነጽራቸውን አውልቀው እየጠረጉ «ሙሉ ዕቃው ማለት ክሪኩ ነው ወይስ ሰውየው? ዘሎስ ሮጦ ቢሆን?» አሉ። በጣም ተቆጥቼ «እንዲከዱ ነው እንዴ የምትፈልጊው?» ስላቸው፣ «አልፈልግም፤ ስለማልፈልግ ነው የምመረምረው» ብለው መለሱልኝ።

ከዚያ በኋላ ከተቃጠለው መኪና ወጥተው ሆስፒታል የገቡ ቁስለኞችን ስም አፈላልገው፣ በሕይወት የተገኙትን አንድ ሰው፣ ዛሬ ከመካከላችን የተቀመጡትን አናጺ፣ በሌላ ከተማ የእንጨት ሥራ ቤታቸው ውስጥ አገኘናቸው። እህታችን የመላጊያው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው፣ ሰላምታውን እንኳ በቅጡ ሳይጨርሱ፣ ሰውየው ሊያስደስታቸው ብሎ የሚዋሽ እንደሆነ ለማወቅ የሐሰት ጥያቄ ይጠይቋቸው ጀመር፤ ሹፌሩ ጢማም ነበር አይደል አሉ፣ ግራኝ ነበር አይደል አሉ፣ ዘፈን ይወድ ነበር አይደል አሉ። አናጺው መጀመሪያ በትሕትና «ልብ አላልኩም»፣ «እንጃ» ሲሉ ቆይተው በመጨረሻ መጋዛቸውን አስቀምጠው «እመቤቴ፣ እኔ የምነግርዎትን ነው የሚፈልጉት ወይስ እርስዎ የሚነግሩኝን ልድገምልዎት?» ሲሏቸው እህታችን ጥያቄያቸውን ትተው ማዳመጥ ጀመሩ።

አናጺውም የተናገሩት የሚከተለው ነው፤ እኔም እዚያው ተቀምጬ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። የሹፌሩን ስም አያውቁም፤ ተኝተው ስለነበር መልኩንም በደንብ አላዩም፤ ነገር ግን ከጋቢናው ጀርባ ያለው መስታወት ወልቆ ነበርና፣ ሐኪሙ እንቅልፍ የወሰደው ቁስለኛ አይነቃም ብሎ ስላስጠነቀቀው፣ ሹፌሩ መንገዱን በሙሉ እየጮኸ ያጫውታቸው ነበር። ያጫወታቸውም ስለ ሴት ልጁ ነው። ወደ ጦርነቱ የሄደ ዕለት ጠዋት «ከተማ ደርሼ ልምጣ» ቢላት አላመነችውም፤ ጋቢናው ላይ ተንጠላጥላ ወጥታ ከመቀመጫው ኋላ ስትፈትሽ ብርድ ልብሱንና የወታደር ጫማውን አገኘችና «ውሸታም!» ብላው ወርዳ ሮጠች፤ እርሱም «ጓዶች፣ ከዚያች ልጅ ጋር የምታረቀው እናንተን አድርሼ፣ እኔም ቤቴ ደርሼ ነው፤ ስለዚህ እንዳትተኙብኝ» ይላቸው ነበር። መኪናው ሲመታ ሹፌሩ ከፊት ወርዶ የኋላውን መዝጊያ ከፍቶ አናጺውንና ሌላ አንድ ሰው ጎትቶ አወጣ፤ ሌሎቹን ሊያወጣ ተመልሶ ገባ፤ ከዚያ በኋላ አልወጣም።

ክቡራን ሐዘንተኞች፤ ስለ ብርድ ልብሱና ስለ ጫማው እኔ ሰምቼ አላውቅም፤ እናታችንም አያውቁም ነበር፤ እህታችን ለባለቤታቸው እንኳ ነግረዋቸው አያውቁም። ለአባታቸው የተናገሩት የመጨረሻ ቃል «ውሸታም» የሚል ስለነበረ፣ ደብዳቤው ሲመጣ በእኔ ተቀይመው ቀሩ ብለው አምነው፣ ይህን ለማንም ሳይተነፍሱ ሽበት እስኪያወጡ ድረስ በሆዳቸው ይዘው ኖረዋል። ያን ዕለት ከአናጺው ፊት ለመጀመሪያና ለመጨረሻ ጊዜ ሲያለቅሱ አየኋቸው። ወደ ቤት ስንመለስም በአውቶቡሱ ውስጥ «ያን ሰካራም አምኜው ቢሆን እናቴ ትሰማው ነበር» አሉኝ፤ ይህም እውነት ነበር።

ከዚህ በኋላ እህታችን የአባታችን መዝገብ እንዲታረም ማመልከቻ አስገብተው የተሰጣቸው መልስ «ጉዳዩ በመታየት ላይ ነው» የሚል ሲሆን፣ እኔ ከትናንት በስቲያ ጠይቄ የተሰጠኝም ይኸው ነው። የኩላሊት ሕመም ሲጸናባቸው በሁለት ሆስፒታሎች ታክመዋል፤ የመጀመሪያው ሐኪም የነገራቸውን ለሁለተኛው ሳይነግሩ ጠይቀው የሁለቱ ቃል አንድ ሲሆንባቸው «እንግዲህ እውነት ነው ማለት ነው» ብለው፣ ሳይሸበሩ ቤታቸውን አደራጅተው፣ በልጆቻቸው መካከል ዐርፈዋል።

እህታችን ባለቤታቸውን፣ ነርሷንና መምህሯን ሴት ልጆቻቸውን፣ እንደ አያቱ መሪ የጨበጠውን ወንድ ልጃቸውን፣ የልጅ ልጆቻቸውንና እኔን ትተው ሄደዋል። አንድ ነገር ግን እስካነበው ድረስ ለማንም እንዳልናገር አስጠንቅቀውኝ ነበር። አባታችን ከድተዋል በመባላቸው ሲሞቱ የተቀመጠላቸው ሐዘንተኛ፣ የተነበበላቸው ዜና ሕይወት፣ የወረደላቸው እንባ የለም። እህታችን «ለእኔ የመጣው ሰው ለእርሱም ያልቅስልኝ፤ አስቀድመህ ግን እንዳትናገር፤ ለወሬ የሚመጣው ይበዛል» ብለው አዘውኛል። ስለዚህ እናንተ ከቤታችሁ የወጣችሁት ለአንድ ሰው ቢሆንም የተቀመጣችሁት ለሁለት ሰው ነው። አባታችን የጭነት መኪና ሹፌር ነበሩ፤ አልከዱም። «ከድተዋል» ሲባል ሰምተው ያደጉት የእናታችን ወንድሞች ልጆችም ከፊት ለፊቴ ተቀምጠዋልና ደግሜ እላለሁ፤ አልከዱም። ፈጣሪ የአባትንም የልጅንም ነፍስ በአንድ ስፍራ ያሳርፍልን፤ እናታችንም እዚያው ከራሳቸው ከአባታችን አንደበት ይስሙት።